ዘፈን አይደለም

ባሌ ራፐር ነው፤ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ግን ስምንት ወር ሙሉ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ነው ከቤት የሚወጣው። ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም የባሰብኝ ቀን እስቃለሁ። በእኛ በአይሁዶች ዘንድ ለወላጅ የሚታዘነው ዓመት ሙሉ ነው፤ በዚያ ዓመት ልጅ ዘፈን አይሰማም፣ ሠርግ ቤት አይጨፍርም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምኩራብ ሄዶ ለሞተው ሰው ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት ይደግማል። ሌላው ሰው ይህን እንደ አቅሙ ይጠብቃል፤ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ቢከፈት ጆሮውን አይቆርጥም። የኔ ፊሽል ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለለት ሰው ነው። የብሩክሊን ሰፈራችን ደግሞ ሙቀት ሲገባ ዝም የሚል ነገር የለውም። ግማሻችን አይሁድ፣ ግማሻችን ከጃማይካና ከትሪኒዳድ የመጣ ሰው ነን፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ይጮኻል፣ መኪናው ሁሉ ይደልቃል፣ የአይስክሬም መኪናው ሳይቀር ዜማውን ለቆ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ባሌ በዚህ ሁሉ መሀል በጥጡ ደንቁሮ የዳቦ ቤት ቫን ይነዳል። ሁለት ጊዜ ክላክስ ሳይሰማ ሊጋጭ ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤቴን እንደ ወትሮው ጭንቅላት ሞልቶታል። የምተዳደረው ዊግ በመሥራት ነው። ባለትዳር ሴቶቻችን ፀጉራቸውን ለሰው አያሳዩም፣ ዊግ ያደርጋሉ፤ ዊጉ ደግሞ ለሰንበት ይታጠባል፣ ይጠቀለላል፣ ይደርቃል። አንዱን በስልሳ ዶላር ነው የምሠራው፤ ሐሙስ ሐሙስ እስከ ስምንት ይመጣልኛል። የምንኖረው ምድር ቤት ነው፣ በባሌ አባት ቤት ሥር፣ ሦስት ልጆች ይዘን በሁለት ክፍል። መስኮታችን የሚያሳየን የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ግድግዳው ይሻግታል፣ ስንቀባው ይሻግታል፣ የትንሹ ልጄ ደረት ሌሊት ሌሊት ያፏጫል፣ ሐኪሙ «ከዚህ ቤት ውጡ» ካለን ሁለት ዓመት አለፈው። እሱ አፍ አውጥቶ መናገር ቀለለው። ዊጎቹን በሰካሁባቸው የላስቲክ ጭንቅላቶች መሀል እንግዲህ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ፤ ጥቁር ዳቦ፣ ጨው የበዛበት ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል። አባትየው ሬብ ኑኸም ናቸው፤ ሬብ በኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው። አርባ ዓመት ዓሣ መሸጫ ውስጥ ዓሣ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ዝላቴ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከላይ እየወረዱ እኛ ጋ ይበላሉ። አንዱ ጨው ሲያምረው ሌላው ሳይጠየቅ ይገፋለታል፤ ቃል ግን አይወጣም። ዝምታው ድሮም ነበር። ዝላቴ በጨዋታቸው ይሸፍኑት ነበር እንጂ።

«መልስ የሚፈልጉት ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አልኩ፣ ሁለቱም እያወቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊሽል ካርልተን የሚባል ጓደኛ አለው፤ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ወላጆቹ ከባርቤዶስ የመጡ፣ ቀን ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ። ፊሽል ግጥሙን ይጽፋል፣ ካርልተን ከኋላ የሚመታውን ቢት ይሠራል፤ አብረው መሥራት ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ያገኙትን ባወራላችሁ ታዝናላችሁ። ክለቦቹ የሚጠሩት ለባርኔጣው ነው፤ ጥቁር ካፖርቱን፣ ጢሙን፣ በጆሮው ግራና ቀኝ የተንጠለጠለውን ፀጉር ለማየት። እሱ ደሙን እየተፋ ሲናገር እነሱ ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ አዘጋጅ እንዲያውም «ጢምህ ትንሽ አነሰ፣ ረዘም ያለ ገዝተን እንለጥፍልህ?» ብሎታል፤ አይሁድ እንዲመስልላቸው! የኛዎቹስ? ልጆቹን ሳስመዘግብ «አባታቸው ምን ይሠራል?» ሲሉኝ ምራቄን ውጬ «ሹፌር ነው» እላለሁ። እዚያ በአይሁድነቱ ይስቁበታል፣ እዚህ በራፑ ያፍሩበታል። አሁን ግን አንድ ትልቅ ራፐር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ እንኳ ስሙን የምታውቀው ሰው፣ መልኩን ሳያይ ግጥሙን ብቻ ሰምቶ «ይሄን ሰው ፈልጉልኝ» አለ። ስድስት ሳምንት፣ ዘጠኝ ከተማ፣ ከሱ ቀድሞ መድረክ ላይ ሊወጣ። ካርልተን ተከራክሮ ተከራክሮ ዓርብ ማታንና ቅዳሜን ሳይቀር አስለቀቀ፤ በሰንበት አንሠራም፣ ይሁን አሉ። የቀረው ሐዘኑ ብቻ ነው። ሐዘኑ አራት ወር ይቀረዋል፤ ጉዞው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል።

ረቢ እንጠይቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ካርልተን «አትጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ ትታሰራላችሁ» ብሎን ነበር፤ ከኛ ጋር ከመኖር ብዛት ግማሽ ረቢ ሆኗል። እውነቱን ነው፤ በኛ ሕግ አንዱን ረቢ ጠይቀህ መልሱ ካልጣመህ ሌላ ረቢ ፍለጋ አትሄድም። ከደንበኞቼ አንዷ ግን የሠርግ ቫዮሊን መቺ ሚስት ናት፤ ባሏ በአባቱ ሐዘን ዓመት ሠርግ ቤት ሲመታ ነበር፣ እንጀራው ስለሆነ ተፈቅዶለት። ይሄን ስሰማ ዓይኔ በራ። እንግዲህ ፊሽልም ሄዶ እንጀራዬ ነው ይላል፣ ያልቃል! ረቢ ታውብ ደግሞ ለመፍቀድ የሚወዱ ሰው ናቸው፣ አገር ያውቃቸዋል። ጨቀጨቅኩት፣ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቅኩት፤ በመጨረሻ እሺ አለ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው ሬብ ኑኸምን፣ ሻይ እየቀዳሁ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ዘፈኑ ነዋ።»

«የቱ ዘፈን?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ፌዝ የለም፣ የምር ነው የጠየቁት። «ዘፈን ካለማ እኔም እሰማ ነበር። ይሄ ልጅ ያወራል፣ ያ ጎረቤታችን ይደበድባል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቫኑን በደንብ ይያዝ።» ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉና ወደ ዓሣቸው ሄዱ። ፊሽል የአባቱን ሳህን አንሥቶ አጠበ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አራት ዊግ ጨርሼ፣ አራቱን እንዳሉ ትቼ፣ ልጆቹን ጎረቤት ጥዬ ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። እሱ ቫኑን መልሶ መንገዱ ማዶ ይጠብቀኛል፤ ነጭ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ጥጡ ጆሮው ውስጥ ነው። ሐሙስ ስለሆነ መንገዱ ሴት በሴት ነው፤ ጋሪ፣ ሕፃን፣ ዶሮ፣ ድንች። የዓሣ መሸጫው በር ላይ ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ፓውንድ ዓሣ በአንድ ሳምንት ሁለት ዶላር ጨምሯል አሉ፣ ሴቶቹ ይሳደባሉ፤ በመስታወቱ በኩል ሬብ ኑኸም አጎንብሰው ቢላ ሲያነሡና ሲጥሉ ታዩኝ። ልጃቸው እያየ አለፈ። እሳቸው አላዩንም።

የረቢ ታውብ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ባለቤታቸው አሮጊቷ ፍሩሜት በሩን ከፍተው እሱን ወደ መጽሐፍ ክፍሉ፣ እኔን ወደ ወጥ ቤታቸው ሸኙን። ድንች ይፍቃሉ፤ ለሰንበት አንድ ባልዲ ሙሉ ድንች። ቢላ ያዝኩና እላጥላቸው ጀመር። መካከላችን ያለው በር አይዘጋም፤ ሙቀቱ ስለሆነ ነው ወይስ የሁልጊዜ ልማዳቸው፣ እንጃ። ከክፍሉ የአሮጌ መጽሐፍ ሽታና የአየር ማራገቢያ ድምፅ ይመጣል። ፍሩሜት ከንፈራቸው ላይ ጣታቸውን አድርገው ጠቀሱኝ፤ እሳቸውም መስማት ይወዳሉ።

ፊሽል ነገሩን አስረዳ። ረቢው እየቆዩ «እህ፣ እህ» ይላሉ። ከዚያ የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ።

«እንጀራህ ይሄ ነው?»

አዎ በል፣ አልኩ በሆዴ። አዎ በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ በልጆችህ ሞት አዎ በል።

«እንጀራዬ ቫኑ ነው» አለ ፊሽል። «ባለፈው ዓመት ከራፕ ያገኘሁት ለሚስቴ የፀጉር ማድረቂያ አይገዛም።»

ቢላዬ ከእጄ አምልጦ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። ወይ አለመታደል! ሌላው ሰው ለአምስት ዶላር ይምላል፤ የኔው ጉድ በዕድሉ ላይ እውነት ይናገራል። መጽሐፍ ሲገለጥ ይሰማኛል፣ ሲዘጋም፣ ሌላ ሲገለጥም። ፍሩሜት በሹክሹክታ «አይዞሽ ልጄ፣ የኔ ሰውዬ ሳይፈቅድ አይተኛም» አሉኝ።

«በእንጀራ በኩል አይሆንም» አሉ ረቢው በመጨረሻ። «እንግዲህ ነገሩን ራሱን እንየው። ሴት ዶሮ ይዛ መጥታ ንጹሕ ነው አይደለም ስትለኝ ዶሮዋን ሳላይ አልፈርድም። በለው እስቲ፤ ጥቂት። ለፍርድ ነው፣ ሐዘንህን አይነካም።»

ስምንት ወር አንዲት ስንኝ ከፊሽል አፍ አልወጣችም ነበር። ሲጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ካርልተን፣ ያለ ቢት፣ በአስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ቶሎ ቶሎ አለው፦

«አባቴ ዓሣ ይቆርጣል፣ ጣቱ በበረዶ ደንዝዞ፣
ሐሙስ ማታ ይገባል፣ የሰው ሰንበት ጀርባው ላይ ይዞ፤
እጁን ሦስቴ ይታጠባል፣ ጠረኑ ግን አይለቀው፣
ዓርብ ማታ ሲባርከኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው።»

በመድረክ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ በመድረክ ላይ ሲለው ጀርባዬን ይቆነጥጠኛል፤ ሰው ፎቶ ማንሳቱን ይረሳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን፣ በማራገቢያው ድምፅ መሀል፣ እኔ ራሴ አላወቅኩትም። ረቢው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

«ይሄማ ንግግር ነው!» ድምፃቸው በደስታ ቀጠነ። «ዜማው የታለ? ወጣ አላለ፣ ወረደ አላለ። ቶሎ ቶሎ ማውራት ነው እኮ! በበዓል ቀን ምኩራብ ውስጥ ኦሪቱን የማውጣት ክብር የሚያጫርተው ሰው እንዲህ አይደል የሚለፈልፈው?»

«ከኋላው ምት አለው፣ ረቢ። ጓደኛዬ በማሽን ይሠራዋል።»

«ዜማ አለው?»

«ይመታል።»

«የስፌት መኪናም ይመታል። ሐዘንተኛ ስፌት መኪና አጠገብ አይቀመጥ ያለ የለም። ተፈቅዶልሃል ልጄ! ሂድና ተናገር። ነገሩም ቁም ነገር አለው፣ ስለ አባት ክብር ነው፤ ጥሩ ነው።»

«ዘፈን ቢሆንስ?» አለ ፊሽል።

«ዘፈን ቢሆንማ ይከለከል ነበር» አሉ ረቢ ታውብ እየሳቁ። «ደግነቱ አይደለም!»

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይሄን እወቁልኝ። ሰውዬው ሊረዱን ነው የደከሙት፤ በር ድረስ ሸኝተው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው መርቀውታል። ፍሩሜት አቀፉኝ። እኔ ደረጃውን የወረድኩት በእግሬ አይመስለኝም። መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ፤ ፎቅ ላይ ስለምንከራየው ቤት፣ ፀሐይ ስለሚገባበት መስኮት፣ ስለ ትንሹ ደረት፣ ለትልቋ ስለምንገዛው አልጋ። እሱ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጥጡን ከኪሱ አወጣና በሁለቱም ጆሮው ውስጥ መልሶ ወተፈው። «ምን ታደርጋለህ? ተፈቀደልህ እኮ!» አልኩት። አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሬብ ኑኸም ከሥራ ገቡ። እጃቸውን በሎሚ እያሹ ደረጃው ላይ ቆሙ። ሳይጠይቁኝ በፊት ነገርኳቸው፣ ሁሉንም፣ እየዘለልኩ፤ ንግግር ነው አሉ፣ የስፌት መኪና አሉ፣ ዘፈን አይደለም ብለው ፈረዱ፣ ተፈቀደ!

እኚህን ሰውዬ በሕይወታቸው እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም። «አላልኩም!» አሉ፤ «አሥራ ሁለት ዓመት አላልኩም? ዘፈን አይደለም ስል ኖርኩ፣ ማን ሰማኝ!» ወደ ላይ ወጥተው የዓመት በዓል ጠርሙሳቸውን ይዘው ወረዱ፣ ትንንሽ ብርጭቆዎች ደረደሩ። «ለሕይወት!» ብለው ጠጡ። ከዚያ ልጃቸውን ጉንጩን ያዙት። ያ እጅ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ያን ፊት ሲነካ አላየሁም። «ነገ ምኩራብ እናገራለሁ» አሉት። «ልጄ ክለብ ለክለብ የሚዞር ዘፋኝ አይደለም፣ ተናጋሪ ነው፣ ረቢ ታውብ ራሳቸው መሰከሩለት። አፍሬብህ ነበር፣ ፊሽል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በከንቱ ነው ያፈርኩት። እኔም መጥቼ አይሃለሁ። ዘፈን ካልሆነ ምን ነውር አለው?» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ፣ እንደ ሞኝ። ፊሽል በአባቱ እጅ መሀል ፊቱ ነጭ ሆኖ ቆሟል። እኔ ድካም ነው ብዬ ነበር።

ካርልተን የአውቶቡስ ነጂ ሸሚዙን ሳይቀይር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። «እ? ዶሮዋ ንጹሕ ናት?» አለ ገና ከበሩ፤ የረቢ ጥያቄ ሁሉ በዶሮ እንደሚጀመር ከኛ ተምሯል። ፊሽልን ቀድሜ እኔ «ንጹሕ ናት!» አልኩት፤ አነሣኝና አሽከረከረኝ፣ ወዲያው ነውር መሆኑ ትዝ ሲለው ጣለኝና ሬብ ኑኸምን ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው ብርጭቆ ሰጡት። ስልኩን ከዊጎቹ መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። አራታችንም ቆመን እናየዋለን። በሰዓቱ ጠራ፤ እነዚያ ሰዎች ሰዓት ያከብራሉ። የጉዞው አዘጋጅ ሴትዮ ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ የቸኮለ ግን ትሑት ነው።

«ፊሽል፣ እንዴት ሆነ? የውሉን ወረቀት ልላክላችሁ?»

«አልችልም» አለ ባሌ። «ሐዘን ላይ ነኝ። የተከለከለ ነው።»

«ካርልተን ዛሬ ይፈቀዳል ብሎኝ ነበር እኮ።»

«አልተፈቀደም።»

«አይ… ስለ እናትህ አዝናለሁ። የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለኝ፣ ለሱ ልደውል ነው። እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩ ጠቆረ። መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

«ዋሸህ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ተፈቅዶልሃል! እዚያ እንጀራዬ ነው ብለህ አትዋሽም፣ እዚህ ልጆችህን ለመቅበር ትዋሻለህ?»

«ቤይሌ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የተፈቀደልኝ ንግግር ነው። እኔ የምሠራው ንግግር አይደለም። የምሠራው ረቢው ደግነቱ አይደለም ያሉትን፣ ዘፈኑን ነው፤ እሱ ደግሞ የተከለከለ ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ካርልተን። ነገርኩት፤ ስለ ንግግሩም፣ ስለ ስፌት መኪናውም። ካርልተን ሳቀ፣ ሳቁ ግን አያስደስትም። «የስፌት መኪና። አሥራ ሁለት ዓመት ጆሮዬን አቁሜ፣ ትዳሬን አፍርሼ፣ የስፌት መኪና።» ከዚያ ጠረጴዛውን መታው፣ አንዱ ጭንቅላት ወደቀ። «ታዲያ ሂድና አሳያቸው! ተሳስታችኋል በላቸው! መድረክ ላይ ቁምና በላቸው! እንዲህ ነው እንጂ ሰው የሚከራከረው!»

«ብሄድ የምሄደው እሳቸው ልክ ስለሆኑ ነው» አለ ፊሽል። «ሌላ መሄጃ የለኝም። ዘፈን አይደለም ተብሎ በተፈቀደልኝ ነገር ነው የምቆመው። ዘጠኝ ከተማ ቆሜ፣ እናቴ ገና አፈሯ ሳይደርቅ፣ ይሄ ምንም አይደለም ብዬ ልማል? ምንም ካልሆነ ለምን እሠራዋለሁ? ዘፈን ከሆነ ደግሞ ለሷ ስል አልዘፍንም። ሁለቱም መንገድ ዝግ ነው፣ ካርል። ይቅር በለኝ።»

«እኔስ? እኔ ሐዘን ላይ አይደለሁም እኮ!» አለ ካርልተን። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ በሩን አልደበደበውም፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ቢደበድበው ይሻለኝ ነበር። በመስኮቱ ጫማው ሲያልፍ አየሁት፣ ቆመ፣ እንደገና አለፈ።

እኔ ምን ላድርግ? ጠላሁት። እንዲህ ነው፣ አልደብቅም፤ የልጆቼን አባት በዚያች ሰዓት ጠላሁት፣ ራሴንም ጠላሁት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ ምነው ረቢውን ባልጠየቅን! ሳንጠይቅ ሄደን ኃጢአቱን በኋላ እንከፍል ነበር። ማድረቂያውን ከፈትኩና የሴትዮዋን ዊግ እያቃጠልኩት መሆኑን ሳላውቅ አደርቅ ጀመር። ሲሸት አጠፋሁት። ሦስት ሺህ ዶላር የሚያወጣ የሰው ፀጉር ጫፉ ተኮማትሯል። ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ማንም ተይ አላለኝም።

ሬብ ኑኸም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ጠርሙሱ በእጃቸው ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው የዓሣ መሸጫው ድምፅ አልነበረም፣ የሰንበትም አልነበረም።

«ፊሽል።»

«አቤት አባባ።»

«ረቢው ተሳስተዋል ነው የምትለው?»

«ረቢው ደግ ሰው ናቸው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ተሳስተዋል» አለ ፊሽል። «እርስዎም፣ አባባ።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። እንግዲህ ጠርሙሱ ይወረወራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ሬብ ኑኸም ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጆሮአቸውን ወደ ልጃቸው አዘንብለው።

«እስቲ በለው» አሉት። «እንደሚገባው አድርገህ በለው። እኔ ልስማው።»

«አሁን አይቻልም፣ አባባ። ሐዘን ላይ ነኝ። አራት ወር ይቀረኛል።»

«እኔ እኮ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ፊሽል» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለ ባሌ።